ልብስ ማውለቂያው ቤት

በንጉሡ ዘመን አቃቂ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከቆሙት የድንጋይ ቤቶች ግማሹ የአቶ ቀናው እጅ ያረፈበት ነው ይባላል። ሌላው ግማሽስ የማነው ሲባሉ፣ «ጠማማ ጠማማው የሌላ ሰው ነው» ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ለባቡሩ ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረው ለራሳቸው የሠሩት ግን አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ክፈፉ በተፈለፈለ ጣውላ የተዋበ። ባቡር ሲያልፍ ሰሃኑ ይንጫጫል፤ ግድግዳው ንቅንቅ አይልም። አንድ ልጃቸው በዛብህ የተወለደው እዚያ ነው፤ ባለቤታቸው ያረፉትም እዚያው። እሳቸው ሲሞቱ ዘመድ እንዳይነታረክ ብለው ቤቱን በቁማቸው በልጁ ስም አዛወሩት። ሰፈሩ «ብልህ አባት» አላቸው። ሰፈር ምን ያውቃል!

በዛብህ ፋብሪካ ውስጥ ሹም ሆኖ ከነጮቹ አለቆቹ ጋር ብርጭቆ ማጋጨት ሲጀምር፣ አንድ ቀን መጥቶ፣

«አባባ፣ ጓሮውን መዋኛ ገንዳ ላስቆፍርበት ነው» አለ። «አጠገቡ እንግዶቼ ልብስ የሚያወልቁበት ትንሽ ቤት ያስፈልጋል። ከትልቁ ቤት ጋር የሚሄድ እንዲሆን ፕላኑን እርስዎ ያውጡልኝ።»

ጎረቤታቸው ጠላ ሻጯ አሰለፈች በአጥር ሰምታ ሳቋ አላቆም አለ። «ልብስ ማውለቂያ ቤት? ታዲያ ወንዝ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ለምን ተፈጠረ፣ ጋሽ ቀናው?»

«ዝም በይ አንቺ! ገላሽን ከታጠብሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ደስ ብሏቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ይሥሩልኝ» ያላቸው ሰው የለማ። ችካል ቸከሉ፣ ገመድ ወጠሩ፣ የግድግዳ ማቅኛ ቱምቢያቸውን ከሣጥን አወጡ። ድንጋዩ ከትልቁ ቤት ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ሆነ፤ የክፈፉን ጣውላ ራሳቸው ፈለፈሉት። ጣሪያውን ግን ከትልቁ ቤት ዝቅ አደረጉት። «ልጅ አባቱ ፊት ባርኔጣውን ያወልቃል» አሉ።

በዛብህ ሥራውን ሊያይ መጥቶ ግራ ገባው። «አባባ፣ ግድግዳው ምነው እንዲህ ወፈረ? ለእሑድ ከሰዓት ብቻ እኮ ነው! ቀጭን ይበቃል፤ መስኮትም አያሻውም።»

«ሰው የማያድርበት ቤት እኔ አልሠራም። ጎተራ እንኳ እህል ያድርበታል።»

እንዳሉትም አደረጉ። መስኮቱን ወደ ምሥራቅ አወጡ፤ ወለሉን ጣውላ አለበሱ፤ ኮርኒስ ወጠሩ፤ ጥጉን አልጋ እንዲያስገባ አድርገው ለኩ። ሲያልቅ በዛብህ ገባ፤ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፤ ጥጉ ላይ ቆሞ ብዙ አሰበ።

«ብርድ የሚባል አይገባውም! ሰው ይኖርበታል እኮ!»

አዛውንቱ ምርቃት መሰላቸው፤ ደረታቸው ተነፋ።

ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። «አባባ፣ አለቃዬ ትልቁን ቤት ወደውታል። ከነቤተሰባቸው ሊገቡበት ነው። እኔ ከተማ ቤት ይዣለሁ። ለእርስዎ ደግሞ ይኸው፣ በገዛ እጅዎ የሠሩት ያማረ ቤት አለ።»

አቶ ቀናው ቀልድ መስሏቸው ፈገግ ብለው ጠበቁ። ልጃቸው አልሳቀም።

«እናትህ የሞተችበት ቤት ነው፣ በዛብህ። ልብስ ማውለቂያ ውስጥ ልሙት?»

«እኔማ ቀጭን ይሁን ብዬ ነበር» አለ በዛብህ፣ ዓይኑን ወደ ገንዳው አድርጎ። «ሰው የማያድርበት ቤት አልሠራም ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

አልጋቸው ሲገባ ጥጉን ልክክ ብሎ ሞላው፤ ልኬታቸው ስቶ አያውቅም።

እሑድ እሑድ እንግዶቹ ልብስ ሊያወልቁ ሲመጡ አቶ ቀናው ይወጣሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ አዙረው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ሳቅና የውሃ መንቦጫረቅ ይሰማል። አንድ እሑድ የአለቃው ሚስት እየተንጠባጠበች ከገንዳው ወጥታ፣ በምታውቃት ጥቂት አማርኛ፣

«ዘበኛ! ፎጣ!» ብላ ተጣራች።

ማንን እንደምትጠራ ዞር ዞር ብለው አዩ። ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና፣ ከአልጋቸው ራስጌ ከተሰቀሉት ፎጣዎች አንዱን አመጡላት።