ቀለበቷን ያደበዘዘችው ልጅ

በዚያ ምሽት ከአንኮበር በላይ ባለው ሜዳ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ሁለት ቴሌስኮፕ ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት ወጣቶች፣ የሳይንስ መምህሩ፣ ከደብረ ብርሃን ዕጣ የወጣላቸው አራት ተማሪዎች፣ ያመጣን የሚኒባስ ሹፌር፣ እና ማንም ያልጠራኝ እኔ። ከተማሪዎቹ አንዷ ልጄ ናት።

ባይጠሩኝም ሄድኩ። ልጄን በጨለማ ገደል አፋፍ ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች አልሰጥም። ሁለት ባና፣ በፌስታል ቆሎ፣ በፔርሙዝ ሻይ እና አዲስ ድንጋይ የገባበት ባትሪ ይዤ ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ መምህሩ ፊቱን አዞረ። እሱ መጀመሪያውኑም ዕጣው ለልጄ በመውጣቱ ከፍቶት ነበር። አምስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረች ልጅ ሰማይ አይታ ምን ትሆናለች ብሎ ነው እንግዲህ።

እኔም ከእሱ አልሻልም። ዓመቱ ሲያልቅ ከትምህርት ቤት አስወጥቻት አብራኝ ሱፍ እንድትፈትል ቆርጬ ነበር። ደብተሯ ግማሹ ባዶ ነው። ለምን ስላት ደብተሩን ትዘጋለች። ሰነፍ ናት ብዬ ደመደምኩ። ራሴ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የሌላውን ስንፍና ለማወቅ ግን ትምህርት የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

እንደደረስን የወጣቶቹ የመጀመሪያ ሥራ መብራት ማስጠፋት ሆነ።

«ማዘር፣ ባትሪውን ያጥፉት፤ ዓይናችን ጨለማውን እንዳይለምድ ያደርጉብናል» አለኝ የሦስቱ አለቃ መሳይ።

እሱ ግንባሩ ላይ መብራት አስሯል። የእሱ ቀይ ስለሆነ አይቆጠርም። ያን ያህል የራቀ ነገር ለማየት ብሎ እግሩ ሥር ያለውን ገደል የሚያጨልም ሰው አይቼ አላውቅም። አንደኛው ስለ ከዋክብት ርቀት ሲያብራራ በገዛ ቴሌስኮፑ እግር ተጠልፎ ሊደፋ ነበር። አልሳቅሁም፤ ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

ዕቃቸውን ለማስተካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ልጆቹ በብርድ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እነሱ ስለ መስተዋቱ ስፋት ይከራከራሉ። ልጄን በሁለቱም ባና ጠቀለልኳት።

በመጨረሻ ቀለበት ያላትን ፕላኔት አገኘናት አሉ። አለቃው አይቶ ረካና ተሰለፉ አለን። ልጄ የመጀመሪያዋ ነበረች። ዓይኗን ደቅና ብዙ ቆየች። እጇ ከባናው ወጥቶ ምስሉን የምታጠራዋን ትንሽ ክብ ነገር ሲያዞር አየሁ። ከዚያ ፈገግ ብላ ቀና አለች።

ቀጥሎ ያየው ተማሪ ጉም ብቻ ነው አለ። አለቃው አየና ተቆጣ። አትንኩ አላልኩም ወይ፣ ማነው የነካው እያለ ሲጮህ መምህሩ ወዲያው ወደ ልጄ ዞረ።

«ክፍልም ውስጥ እንዲህ ናት» አለ።

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። አፍሬባት ነበር።

ሹፌሩ መኪናውን ተደግፎ ቆሎዬን ይበላል። አንድ እግሩ በክር የታሰረ ወፍራም መነጽር ያደርጋል። አለቃው ምስሉን ሊያስተካክል እጁን ሲሰድ፣ ሳትመልሰው እኔም ልየው ብሎ መጣ። መነጽሩ ቴሌስኮፑን ስለነካበት አውልቆ ያዘውና ጎንበስ ብሎ አየ።

«ለእኔ ጥርት ብላ ትታየኛለች። ቀለበቷም አለ።»

ልጆቹ ሳቁ። አለቃው፣ ፋዘር፣ ይሄ ሊሆን አይችልም አለው። ሹፌሩ ልጄን አያት።

«አንቺ ልጅ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ይታይሻል?»

«ነጭ ነጭ ነገር ይታየኛል» አለች። «ከጓደኛዬ ደብተር ነው የምገለብጠው።»

«እኔም ያለ መነጽር እንደዚያው ነኝ። አላበላሸችውም፤ ለራሷ ዓይን ነው ያጠራችው» አለና መነጽሩን አደረገላት። ሰፋት። በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ላይ አንጋጠጠች።

«እማዬ፣ ከዋክብት እንዲህ ብዙ ናቸው እንዴ?»

እነዚያ ሩቅ እናሳያችኋለን ብለው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቷ ቆሞ ያስተማራት መምህር፣ የወለድኳት እኔ፣ ማናችንም እሷን አላየንም። ወጣቶቹ ምስሉን ለራሳቸው ዓይን መልሰው አስተካከሉና ስለ ፕላኔቷ ጨረቃዎች ቀጠሉ። መምህሩም ተራ ያዘ።

በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አሁን የራሷ መነጽር አላት፤ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። ሱፉን ብቻዬን እፈትላለሁ። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ለሹፌሩ ላሳየው ብዬ መነኻሪያ ይዣት ሄድኩ። መኪናውን ሸጧል አሉኝ። አንዱ አረርቲ ገብቷል አለ፤ ሌላው ታሟል አለ። ስሙን በዚያ ምሽት አልጠየቅሁትም፤ ያን ሁሉ ጥንቃቄዬን ለገደሉ ነበር ያዋልኩት። አንድ እግሩ በክር የታሰረ ወፍራም መነጽር የሚያደርገው ሹፌር ያለበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን ንገሩኝ።