የእኔ ጥፋት፣ የእሳቸው መጥረጊያ

በደርግ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ቆራጭ ሆኜ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምንሰፋው የሚሊሺያ ልብስ ነው። እኔ ካኪውን ደራርቤ በካርቶን በተሠራው ቅድ ልክ እቆርጣለሁ፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ደግሞ ልኩን አይተው፣ በጠመኔ ምልክት አድርገው ለሰፊዎቹ ያሳልፋሉ። የደጋን ከተማ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። በምሳ ሰዓት ከጨርቁ ክምር ጀርባ ይሰግዳሉ። መቀስ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ።

እሁድ እሁድ ደሴ እወጣ ነበር። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ስለቆየ ሆጤ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ እንሰበሰባለን። ሰው ድንገት ቢገባ እድር እንዲመስል ንፍሮ በሳህን መሐላችን ይቀመጣል፤ መዝሙራችንም ሹክሹክታ ነው። የሚመሩን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰው በጾምና በስግደት ብዛት እንደማይጸድቅ፣ ጽድቅ በእምነት የሚቀበሉት ስጦታ እንደሆነ ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

አንድ ሰኞ በማለዳው አውቶቡስ ከደሴ ወርጄ፣ እንቅልፍ እንደተጫነኝ የረጅሙን እጅጌ ቅድ ትቼ የአጭሩን አነሳሁ። ክምሩን ሙሉ ቆረጥኩት። እትዬም አምነውኝ ልኩን ሳያዩ በጠመኔ ምልክት አድርገው አሳለፉት።

ስህተቱ ሲታወቅ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ እየሮጠ መጣ። የእትዬን የጠመኔ ምልክት ጨርቁ ላይ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ቅዱን ማነው የሰጠሽ?»

«እሳቸው ናቸው» አልኩ። «እኔ የተሰጠኝን ነው የቆረጥኩት።»

ውሸት ነበር። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። አልተከራከሩም። «አላህ ያውቃል» ብቻ አሉ።

አሻጥረኛ ተብለው ስማቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከጠረጴዛው ተነሱና መጥረጊያ ተሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ የሚጠርጉት እሳቸው ሆኑ። እንደ ሁልጊዜው ሰላም ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ለጋሼ አልቅሼ ነገርኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩና «ልጄ፣ የክርስቶስ ደም አንጽቶሻል። ተፈጽሟል። ከእንግዲህ አታንሺው» አሉኝ።

ለጥቂት ቀናት ቀለለኝ። ግን መጥረጊያው በየቀኑ ጠረጴዛዬ ሥር ይመጣል። በሚቀጥለው እሁድ ደግሜ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ከነጻሁ እሳቸው ለምን ይጠርጋሉ?»

«ብትናገሪ ትታሰሪያለሽ። አንቺን ሲመረምሩ እኛን ያገኙናል። ደግሞ በሥራ ልትጸድቂ ነው እንዴ?»

«በሥራ ለመጽደቅ አይደለም። ጸጋው መጋረጃ ሆኖኝ ከኋላው ልደበቅ አልችልም!»

በሕይወቴ ለትልቅ ሰው ድምፄን ከፍ ሳደርግ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዚያ ግቢ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚፈሩ እሳቸው ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ካድሬው አስጠራኝ። ጴንጤ መሆኔን ሰው ነግሮታል። «ቅዳሜ በሠራተኛው ፊት ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ» አለኝ። «እምነትሽ የኢምፔሪያሊስቶች መሣሪያ መሆኑን ታምኛለሽ። ከዚያ ግራ እጅሽን አንስተሽ ‹ከሁሉም በላይ አብዮቱ› ትያለሽ። ይኼን ካደረግሽ አብዮቱ መሐሪ ነው።»

እስከ ቅዳሜ ያሉትን ሦስት ቀናት አልተኛሁም፤ ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ፍርሃቴን ስገላልጠው ከሥሩ አንድ ነገር አገኘሁ። እኔ አስቀድሞ የተፈረደልኝ ሰው ነኝ። የሚበልጠው ዳኛ ኃጢአቴን አንድ በአንድ አውቆ «ልጄ ነሽ» ብሎኛል። ታዲያ ይህ ካድሬ ከእኔ ምን ሊወስድ ነው? እውነቱን የምናገረው ቅዱስ ለመባል አልነበረም፤ ከተባልኩ በኋላ መዋሸቱ ስላንገሸገሸኝ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እትዬ መጥረጊያቸውን እንደያዙ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ጓዲት፣ ጥፋትሽን ተናገሪ» አለ ካድሬው።

«ጥፋት አለብኝ» አልኩ። «እጅጌውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቅዱን ማንም አልሰጠኝም፣ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። እትዬ ላይ ዋሽቻለሁ። አሻጥርም አልነበረም፣ እንቅልፍ ነው። የእሳቸው ስም ይውረድና የእኔ ይለጠፍ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ካድሬው ጠረጴዛውን መታ።

«ስለ እሱ አልጠየቅኩሽም! ስለ እምነትሽ ተናገሪ!»

«እሱ ጥፋት አይደለም። ግለ ሂስ የሚደረገው በጥፋት ነው።»

«እጅሽን አንሺ!»

እጄን ከኋላዬ አጣመርኩ። «ከሁሉም በላይ የምለው አንድ ነው። እሱም አብዮቱ አይደለም።»

ከአዳራሹ በቀጥታ ቀበሌ ወሰዱኝ። ጸጉሬን ላጩኝ። በየጠዋቱ እምነቴን የሚያስክድ ወረቀት ለፊርማ ያቀርቡልኛል፤ በየጠዋቱ ሳልፈርም እመልሰዋለሁ። የት እንደምንጸልይም አልነገርኳቸውም።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ ምግብ ይዘው መጡ። ጠባቂው ሳህኑን ፈትሾ አስገባቸው።

«ስሜን አወረዱት» አሉኝ። «ወደ ጠረጴዛዬም መልሰውኛል።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

የሳህኑን ክዳን አነሱ። «ወላሂ፣ አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ዋሸሁ። ልጆቼ በሰፈሩ የአሻጥረኛ ልጅ ተብለዋል። ገና ልቤ አልሻረም። ግን ሰው ፊት ቆመሽ ተናግረሽልኛልና አትራቢም። በይ ብይ።»

በላሁ። እስክፈታ ድረስ በየሁለት ቀኑ እየመጡ አበሉኝ። ይቅርታውን አንድም ቀን በአፋቸው አላሉኝም፤ እኔም ዳግመኛ አልለመንኳቸውም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሥራዬን አጥቼ፣ ተላጭቼ ወጣሁ። እሁድ ደሴ ወጣሁ። ግቢውን ቀይረው ስለነበር ምእመናኑን አጠያይቄ አገኘኋቸው። ጋሼ በሩ ላይ አስቁመው ወንድሞች ተመካክረው የወሰኑትን ነገሩኝ። ዋሽቼ ሰው ስለበደልኩ፣ ጉባኤውንም አደጋ ላይ ስለጣልኩ ለስድስት ወር ከኅብረቱ እንድርቅ፣ ከዚያ ፍሬዬ ታይቶ እንድመለስ ወስነዋል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «መጀመሪያ ስገባ ፍሬዬን አይታችሁ ነው እንዴ ያስገባችሁኝ?»

ወደ በሩ አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

«ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስድስት ወር ውጭ ብቆም የበለጠ አልነጻም። እገባለሁ።»

እዚያው ቆምኩ። እሳቸውም በሩን ይዘው ቆሙ። ውስጥ የሹክሹክታው መዝሙር ተጀምሮ ነበር። መጨረሻ ላይ ዓይናቸው እንባ ሞላና ጎንበስ ብለው ወደ ጎን ፈቀቅ አሉልኝ። ገባሁና ከተላጨው ራሴ ላይ የተንሸራተተውን ሻሼን ሳላስተካክል ከፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።