የነጣው ጎን

ናዝራዊት መጀመሪያ ያየችው ጣቶቹን ነበር። ሰውዬው የራጁን ፊልም ከማውጣቱ በፊት በጋቢው ጫፍ ጠረጋቸው። ከዚያ ፊልሙን በጠርዙ ብቻ ይዞ ወደ ቦንጋ ሰማይ አነሣው። የጎድን አጥንቶቹ ደመናው ላይ ተዘረጉ፤ የሰው ደረት በመናኸሪያ መሀል ለመንገደኛው ሁሉ እንዲህ ተገልጦ ማየቷ ገረማት።

"ጋሼ፣ ፎቶው ላይ ፈገግ አላሉም እኮ" አለ የሚኒባሱ ረዳት።

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ሰውዬውም አብሮ ሲስቅ ሳል ያዘውና አፉን በባርኔጣው ሸፈነ። ሳሉ ሲለቀው የአምናውን ፊልም አውጥቶ ከአዲሱ ጎን ያዘው።

"አምና ጥቁር ነበር። አሁን ግራ ጎኔ ነጣ፤ ጥቁሩ እየለቀቀኝ ነው። ሐኪሙ ግን ጅማ ሂድ ይለኛል። ለዳነ ሰው ጅማ ምን ያደርጋል?"

ናዝራዊት ወደ ቢታ ገነት ገና የተመደበች ነርስ ናት። ጤነኛ ሳንባ አየር ስለሚሞላው በራጅ ላይ ጠቁሮ እንደሚታይ ታውቃለች። ዝም ማለት አቃታት።

"አባባ፣ ጤናው ጥቁሩ ነው። የነጣው ጎንዎ አየር አይገባውም። ዛሬውኑ ጅማ ይሂዱ።"

"ይቺማ ነጭ ጤፍንም በሽታ ነው ትላለች" አለ ረዳቱ። አሁን ሁሉም የሳቁት በእሷ ነበር።

ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ አዘነላት።

"ግድ የለም ልጄ፣ ገና አዲስ ነሽ። ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ" አላት። ፊልሞቹን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተና ሊነሣ ሞተሩን ያሞቀውን የጅማ አውቶቡስ አልፎ፣ በየመሀሉ ለትንፋሽ እየቆመ፣ ወደ ቀዬው ወደሚመልሰው የሺሺንዳ መኪና ሄደ።