ያልተናገርኩት አገልግል

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ በተራ ልቁጠር። ስም ግን አልጠራም፤ የሞቱትም በሕይወት ያሉትም ልጆች አሏቸው።

አንደኛው እኔ ነኝ። እንጅባራ ውስጥ በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ መኪና ዘርግቼ እሰፋ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ፣ ከተቀደደ መጽሐፍና ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ሁለተኛው የበረንዳው ባለቤት፣ ባለ ሱቁ ነው፤ በዚያ ሰፈር ሬዲዮ የነበረው እርሱ ብቻ ነበር። ሦስተኛው አበልጄ ነው። ሚስቱ የትልቋ ልጄ የክርስትና እናት ናት፤ እርሱ ከከተማው ዳር፣ ከእኔ ቤት በአንድ አጥር የሚለይ ገበሬ ነበር። አራተኛው ጭቃ ሹማችን፣ የፈረሱ ባለቤት። አምስተኛዋ ትልቋ ልጄ፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት። ስድስተኛዋ የአበልጄ እኅት ናት፤ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ሰባተኛው ሻምበሉ ነው። እርሱ ድምፅ ብቻ ነበር።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነው። አርብ አርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ባለ ሱቁ ሬዲዮውን ከመደርደሪያው አውርዶ መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የባትሪ ድንጋዩን ለመቆጠብ ሌላ ቀን ብዙም አይከፍተውም። ያን ሰዓት የፖሊስ ድራማ ነበር። አንድ ሻምበል በየሳምንቱ አንድ ወንጀል ይዞ ይነሣል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እውነቱን ያወጣል። እኔ መኪናዬን አቆማለሁ። ልጄ ከመኪናው ሥር ክር ትለቅማለች። ሰው እስከ መንገዱ ድረስ ይቆማል፤ አማርኛ የማይሰሙት የገጠር ሰዎች የሰሙትን ወደ አገውኛ አስመልሰው ይስቃሉ፤ ሳቁ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው።

ሻምበሉን የወደድኩት ስለማይማታ ነው። አያስምልም፣ አያስፈራራም፣ ያያል። ከወደቀ ቁልፍ፣ ከኮት ላይ ከተሰካ ሣር ተነሥቶ ሰውዬው የት እንደዋለ ይናገራል። ልብስ የእኔ ሥራ ነውና ይህ ነገር ልቤን ነካው። ለልጆቼ ትምህርት አደረግሁት። መንገደኛ ሲያልፍ ልጄን አስቆምና «ይህ ሰው ከየት መጣ? የልብሱን ጫፍ እይ» እላት ነበር። ጥሩ አየች ስል አመሰግናታለሁ፤ ሳታይ ከቀረች እቆጣለሁ። ውሸታምን አፉ ቢደብቀው ልብሱ ያወጣዋል እያልኩ ብዙ ተናግሬአለሁ። የተናገርኩት እውነት ነበር። ግማሽ እውነት መሆኑን ለማወቅ አንድ ክረምት ፈጀብኝ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የጭቃ ሹሙ ፈረስ ከበረቱ ተፈትቶ ጠፋ። በእኛ አገር ፈረስ እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ ሀብት አይደለም፤ ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ በበዓል የሚታይበት ያ ፈረስ ነው። ዱካው ወደ ጥርባ ጫካ ሄዶ ድንጋይ ላይ ጠፋ። ስለዚህ አውጫጭኝ ተቀመጠ።

አውጫጭኝ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ዳኛው ከየቤቱ አባወራውን በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበስባል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም፤ ካልታወቀ ወይም መክፈል ካልቻለ የጠፋውን ዕቃ አገሩ በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል። ለዚሁ የተመረጡ ሽማግሌዎች ከሕዝቡ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ያየ ሰው በስውር ቀርቦ ይነግራቸዋል፤ ያ ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፉ ማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ እስኪሞቱ አይናገሩም፤ በዚያ ላይ ምለዋል። ሁለት ቀን ተቀመጥን። ጊዜው የእርሻ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ ሰው በሬውን ከሩቅ እያየ ይቆጫል። አንዱ ቀልደኛ «ሻምበሉን ልከን ብናስመጣው ኖሮ ትናንት ከሰዓት ቤታችን ነበርን» አለና ሰውን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የማውቀው ነገር ነበረኝ።

ፈረሱ የጠፋ ዕለት ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አበልጄን ከጥርባ በኩል ሲመጣ አግኝቼዋለሁ። ባለ ሱቁም ያን ጊዜ በሩን እየከፈተ ነበርና አይቶታል። አበልጄ ጋቢው እስከ ወገቡ ጭጎጎት ተጣብቆበታል። ጭጎጎት ከጫካው ዳር እንጂ በእኛ መንገድ አይበቅልም። በትከሻው ገመድ አለ። ሰላምታዬን በአጭሩ መለሰና አለፈ። በጋቢው ውስጥ፣ በግራ እጁ፣ አገልግል ይዞ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። አበልጅነት ከእውነት አይበልጥም ብዬ ራሴን ስገሥጽ ነበር። ጭጎጎቱን ተናገርኩ። ገመዱን ተናገርኩ። አገልግሉን አልተናገርኩም።

ዘንግቼው አይደለም። ፈረስ የሚሰርቅ ሰው አገልግል አንጠልጥሎ አይሄድም፤ ይህን እዚያው ቆሜ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ጭጎጎቱና ገመዱ ሻምበሉ እንደሚያደርገው ተገጣጥመው ነበር፤ አገልግሉ ግን የትም አልገጠመም። ስለዚህ ተውኩት።

አበልጄን ጠርተው የት እንደነበር ጠየቁት። «ጫካው ዳር ነበርኩ፤ ፈረስ ግን አልነካሁም» አለ። ምን ልታደርግ ሄድክ ሲሉት ዝም አለ። ማል ሲሉት ፈረሱን እንዳልነካ ማለ፤ ምን ሊሠራ እንደሄደ ግን በማንም ፊት አልናገርም አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ዝምታ ማለት ጥፋት ነው። በማግስቱ ሁለት ፖሊሶች በእግሩ ወደ ዳንግላ እስር ቤት ወሰዱት፤ እኛም ወደ እርሻችንና ወደ መኪናችን ተበተንን። እኔ ያን ማታ ለልጆቼ ስለ እውነት ተናግሬአለሁ። የተናገርኩትን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ባላስታውሰው እወድ ነበር።

በስምንተኛው ቀን የንስሐ አባቱ ሊጠይቁት ዳንግላ ወረዱ። ያኔ ለእርሳቸው ብቻ ነገራቸው። እኅት ነበረችው። ሰው የሚሸሸው በሽታ፣ ጣትን የሚበላው፣ ይዟት ነበር። አገሩ ሞታለች ብሎ ነበር የሚያውቃት፤ እርሱ ግን ከጥርባ ጫካ ዳር ጎጆ ሠርቶላት አምስት ዓመት ሙሉ በየሦስት ቀኑ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ምግብ በአገልግል ያመላልስላት ነበር። በገመዱ እንጨት ያስርላታል፤ ውኃም ይቀዳላታል። ሚስቱ እንኳ ለአንዲት ችግረኛ አክስቱ የሚወስድ ነበር የሚመስላት። ሴት ልጁ ለባለ ሱቁ ልጅ ታጭታ ነበርና፣ በሽታው በዘር አለ እንዳይባል ብሎ ደበቀ።

ቄሱ በበቅሎ እየገሠገሡ ተመለሱ። በጎጆውና በምንጩ መካከል ሞታ አገኟት። እንስራው አጠገቧ ነበር፤ ጣት የሌላት ሴት እንስራ ሞልታ ልታነሣ እንደማትችል ማንም ያውቃል። ቄሱ ብቻቸውን ሊቀብሯት ስላልቻሉ ሰው ጠሩ። በዚያው ሁሉም ነገር ታወቀ። መቃብር ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ስመለስ ልብሴን አየሁት፤ እስከ ወገቤ ጭጎጎት ነበር። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነቀልኩት። ከዚያ ወዲህ በሕልሜ የምነቅለው አላለቀም።

እውነተኛው ሌባ ሐምሌ ላይ በሌላ ወረዳ ተያዘ። ፈረሱ ወደ በረሃው ሲወርድ ገደል ገብቶበት ነበር፤ ሰውየውም የሚከፍለው አልነበረውም። በሕጉ መሠረት ለጭቃ ሹሙ አገሩ እንዲከፍል ተወሰነ። አበልጄ ነሐሴ ላይ ወጣ። ቀጥሎ የሰማነው የሴት ልጁ ጥሎሽ ወደ ባለ ሱቁ ቤት መመለሱን ነው። ሁላችንም ባለ ሱቁ በሽታውን ፈርቶ እጮኝነቱን አፈረሰ ብለን ደመደምን። እኔም አላረፍኩም፤ በገዛ በረንዳው ላይ ቆሜ በሽተኛን የሚጸየፍ ክርስቲያን አይደለም ብዬ ሰበክሁት። «እኔ አይደለሁም» አለኝ። አላመንኩትም። «እሺ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወፉ ማን እንደነበር ግን ማንም አላወቀም። ሽማግሌዎቹ መሐላ አለባቸው። እኔ ደግሞ ሥርዓቱ ዝም በል ይላል እያልኩ በሥርዓቱ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ አርብ፣ አበልጄ ክርኑ የተቀደደ ኮት ይዞ መጣ። ሱቁ ውስጥ አልገባም፣ ባለ ሱቁንም ሰላም አላለም፤ ከመኪናዬ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሬዲዮው ተከፈተ።

የዚያን ዕለቱ ታሪክ እንዲህ ነበር። የአንድ መጋዘን ዘበኛ ስም በሌለው ደብዳቤ ተጠቁሞ ይታሰራል። ሻምበሉ መጀመሪያ አምኖ ያስረዋል፤ ኋላ ግን ሳይጠፋ ያደረ አንድ ፋኖስ ትዝ ይለውና እንደገና ይመረምራል። ዘበኛው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ደብዳቤውን የጻፈው ሥራውን የሚመኝበት ባልንጀራው ነበር፤ ሲያዝ እንደ ጅብ ይስቃል።

እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ የተሠራ ነበር ብል አልዋሽም። የእስር ቤቱ ቁልፍ ሲዞር ወደ ሱቁ በር ዞር ብዬ አየሁ። ሻምበሉ ለዘበኛው «አጥፍቻለሁ» ሲለው፣ የመንግሥት ሰው ይህን ቃል ሲናገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅምና፣ ዓይኔን ወደ መርፌዬ መለስኩ። በዚያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ደግሞ እንደዚያ የተናደድኩበት ነገር የለም። ጠቋሚው ለምን ውሸታም ሆነ? ሰውን የሚያጠፋ ውሸታም ብቻ ነው ብሎ ማስተማር ራሱ ውሸት ነው። እኔ አልዋሸሁም። ያልነበረ ጭጎጎት አልጨመርኩም። ድራማውን የጻፈው ሰው እንደኔ ያለውን ከዚያ አወጣውና አገሩን ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ሰደደው። ይህን ይቅር አልለውም፤ ከዚያ በኋላም አንድ አርብ አላመለጠኝም።

ባለ ሱቁ ሬዲዮውን ዘጋ። ሰው ሁሉ ያን ጠቋሚ ሲረግም፣ አንዱ መሰቀል ነበረበት ሲል፣ አበልጄ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«ዘበኛው ሲፈታ እናቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው» አለኝ። «ደግ ሰው ነው ድራማውን የጻፈው።»

ኮቱን ሳይቀበል ሄደ። ማታ ልጄ ለታናናሾቿ የጠቋሚውን ሳቅ እያስመሰለች ታስቃቸው ነበር። መታኋት። አንድ አባት ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ ይህን እጅግ አፍርበታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ሰፍቼ ወደ እርሻው ሄድኩ። እያረሰ ነበር። ከትልሙ ጫፍ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ሲደርስ እርፉን አልለቀቀም።

«አበልጅ፣ ወፉ እኔ ነበርኩ» አልኩት።

በሬዎቹን አቆመ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አገልግሉን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

ጅራፉን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ባለ ሱቁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ያን ዕለት ሱቁን ሲከፍት አይቶኛል። ጥሎሹን የመለስኩት እኔ ነኝ። ልጄ አልቅሳ ለምናኝ ነበር፤ ከእኅቴ ገዳይ ጋር አልዛመድም አልኳት።» ከዚያ ኮቱን ከእጄ ተቀብሎ አጥር ላይ ሰቀለው፣ በሬዎቹን አዞረና አዲስ ትልም ያዘ። ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ቆሜ አየሁት። ደግሞ አላናገረኝም፤ እስኪሞትም ድረስ ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም።

ቀጥዬ ባለ ሱቁ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። እንደ በፊቱ «እሺ» አለኝ፤ በወሩ መጨረሻ መኪናዬን ከበረንዳው እንዳነሣም ጠየቀኝ። ልጁ በዚያው ሰሞን አገሩን ለቆ ሄዶ ነበር። የአበልጄ ልጅ ዳንግላ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ ሰው ተዳረች። የእኔ ልጅ በፋሲካ ለክርስትና እናቷ ዳቦ ይዛ ስትሄድ በሩን የሚከፍትላት አጣች፤ ዳቦውን ይዛ ተመለሰች፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ነገርኳት። ሰው ለሠርግ አገልግል ተሸክሞ በደጄ ባለፈ ቁጥር እስኪርቅ ድረስ ሥራዬን አቆማለሁ።

ለፈረሱ ከየቤቱ ሦስት ብር አዋጣን። አበልጄም ሦስቱን ብር ከእስር ቤት ሆኖ በሚስቱ እጅ ልኮ ከፍሏል። የቀረው ሒሳብ አንዲት ሴት፣ አንድ ሠርግና አንድ አበልጅነት ነው።