ቁልቁለት ላይ ፍሪ ማርሽ

ማንበብ የተማርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። መንዳት ግን በሃያ ዓመቴ ችያለሁ። ስለዚህ በመኪና ጉዳይ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈቅድም ነበር። ትዕቢት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሃይብሪዷን፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄደዋን መኪና፣ የገዛሁት አሮጌዋን ታክሲዬን ሸጬ ነው። አልበቃም። የጎደለው ከሚስቴ ሱቅ መጣ። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወረድ ብሎ፣ ጧፍና ዣንጥላ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ቁልፉን ለገዢው አስረክባ ስትመለስ አላለቀሰችም።

«ከቤንዚኑ የሚተርፍህን ለይተህ አስቀምጥ። ሌላ ሱቅ እከራይበታለሁ» አለችኝ።

«ዓመት ሳይሞላሽ ትከፍቻለሽ» አልኳት። ሻጩ በግማሽ ቤንዚን ትሄዳለህ ብሎኝ ነበር፤ እሱን አምኜ ነው አፌን ሞልቼ የተናገርኩት።

አልሄድኩም። ሦስት ወር ሙሉ ከጀሞ መካኒሳ፣ ከመካኒሳ ሳሪስ ሰው ሳመላልስ ከድሮዋ ታክሲዬ የተሻለችው በጥቂቱ ነው። ማደያ ሰልፍ ላይ የድሮ ጓደኞቼ አልማሩኝም።

«ባለ ባትሪው! አንተም ከእኛ ጋር ትሰለፋለህ እንዴ?»

«ተወው፣ ባትሪውን ቤንዚን ሊያጠጣው ነው!»

«ባትሪው የሞተ ቀን ንገረን፤ ለቅሶ እንደርሳለን።»

ቤት ስገባ ሚስቴ ለሱቁ ገንዘብ የማስቀምጥበትን የወተት ቆርቆሮ አንስታ በእጇ ትመዝነውና ቦታው ትመልሰዋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋን ሰደብኩ፣ ሻጩን ሰደብኩ። ሲብስብኝ ጀሞ ያለ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ፤ ሃይብሪድ ብቻ የሚሠራ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። «እስቲ አንተ ንዳ፣ እኔ ልይ» ብሎ ጎኔ ተቀመጠ። የላፍቶ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ ማርሹን ፍሪ አደረግኩና በክብደቷ ብቻ እንድትንከባለል ለቀቅኳት።

«ምን አደረግክ?»

«ቤንዚን ቆጠብኩ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትነዳት?»

«ሠላሳ ዓመት! ቁልቁለትን በማርሽ የሚወርድ የሰው ቤንዚን የሚያቃጥል ነው።»

እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ባትሪዋን የምትሞላው እኮ ቁልቁለት ስትወርድና ፍሬን ስትይዝ ነው። ፍሪ ስታደርጋት ጉሮሮዋን ትዘጋባታለህ። ጾሟን አውለህ ነው ለምን አልበረታሽም የምትላት?»

ይህን የሚናገር መጽሐፍ ከመኪናዋ ጋር መጥቶ ነበር። በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ አማርኛውንም በትግል ያገኘሁት ሰው ነኝ። ሰው ባስነብብ ምን ነበረበት? አላስነበብኩም። ፊደል ሳላውቅ፣ ደብዳቤ ይዤ የሰው ፊት ማየት እሬት ሆኖብኝ ነው የኖርኩት። ከተማርኩ በኋላም እሬቱ ምላሴ ላይ ቀረ። ዋጋውን ግን የከፈለችው ሚስቴ ናት።

አሁን ማርሹን አልነካም። ቤንዚኑ ቀንሷል፤ በተለይ የመካኒሳ መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ስትንፏቀቅ ቅናሹ ይታያል። ግማሽ ግን አይደለም። ዋጋዋን ትመልሳለች ወይ ለምትሉኝ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውል፣ ባትሪው ካልከዳው፣ ከዓመታት በኋላ ትመልስ ይሆናል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለሚመለስ አትመልስም። ትመልሳለች የሚላችሁ ሻጭ ነው።

ለሚስቴ እውነቱን ነገርኳት። «ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፣ የእጄ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፍሪ አደርግባት ነበር። ዓመት ያልኩሽም ውሸት ነው፤ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል።»

ቆርቆሮውን አንስታ መዘነችና ቦታው መለሰችው። ከዚያ «ጧፍ መሬት ላይም ይሸጣል» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጧፏን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ጎኔ ተቀመጠች። አሁን በየቀኑ አቦ በር ድረስ አደርሳታለሁ። ከረጢቱን ዘርግታ ትቀመጥበታለች፤ የድሮ ሱቋ ከፊት ለፊቷ ነው፣ ሌላ ሰው ይከፍታታል። መንገድ ላይ የጧፉን ከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ዓይኗን ከመንገዱ አንስታ ማርሹ ላይ ታሳርፋለች።

እጄ በልማዱ ወደዚያ ሲሄድ «እጅህን» ትለኛለች።

እሰበስባለሁ።