ማሽኑ ያላስገባው ባስ

ዬርኮ ከመርከብ ፋብሪካው በጡረታ ሲወጣ ወገቡ አልቋል፤ ጣቶቹም ብርድ ሲመጣ ይደነዝዛሉ። ድምፁ ግን ጤነኛ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ግራይንደር ይዞ የብየዳ ጠባሳ በመላግ ነው። በያጁ ለጥፎ ይሄዳል፣ ምስጋናውንም ይዞ ይሄዳል፤ ለሞራጁ የሚተርፈው ብናኙ ነው። ዬርኮ በዚህ ቅር ተሰኝቶ አያውቅም፤ ማታ የሚሄድበት ክላፓ ነበረዋ።

ክላፓ ማለት ያለ ምንም መሣሪያ፣ ክንዳቸውን በጎረቤታቸው ትከሻ ላይ ጥለው፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ቆመው የሚዘፍኑ ወንዶች ናቸው። ዬርኮ ባስ ነው፤ ከሁሉ የወፈረውን የታች ድምፅ ይይዛል። ሌሎቹ ግድግዳና ጣሪያ ቢሆኑ እሱ መሠረቱ ነው። ሚስቱ ፔሪና ስትተርበው፣ «ሠርጋችን ላይ የወደድኩት መልኩን መስሎት ነበር» ትላለች።

ችግሩ የመጣው ካቻምና ነው። የመጨረሻዋ የታች ድምፅ እምቢ ትለው ጀመር። ባልዲ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ውኃ ሳያገኝ ድንጋይ እንደሚነካ፣ ጉሮሮው ታች ደርሶ ይጋጭና አየር ብቻ ይወጣል። ፔሪና መራራ የኮረብታ ቅጠል አፍልታ በማር ታጠጣዋለች፤ እሱ ፊቱን አጨማዶ ይጠጣል፤ ያቺ ድምፅ ግን አትመጣም።

የክላፓው መሪ ሎቭሬ ጸጉር አስተካካይ ነው። ከላይ ያለውን ቀጭኑን ድምፅ የሚይዘውም፣ ሁሉም የሚነሱበትን ድምፅ የሚሰጠውም እሱ ነው። አረጀህ ብሎ አልተናገረም። ሉክሻ የሚባል ወጣት ፋርማሲስት አምጥቶ ከዬርኮ ጎን አቆመና «ለመለማመድ ያህል ነው» አለ። ጸጉር አስተካካይ ምላጩን ሲስል ለምን እንደሚስል የማያውቅ ሰው የለም። ለበጋው ውድድር የሚሰለፉት የሚታወቁት በዚያው ሳምንት ማብቂያ ነበር።

ዶክተር ኔዳ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የፊዚክስ ሰው ናት፤ ሐኪም አይደለችም። ኤምአርአይ በሚባል፣ በማግኔት ኃይል በሚሠራ ማሽን ውስጥ ሰው እየዘፈነ ጉሮሮውን ከውስጥ እንደ ፊልም ትቀርጻለች። ከጉሮሮው ቅርጽ ተነስታ የሚወጣውን ድምፅ ማስላት ነው የምትፈልገው። ያ ከተሳካ፣ ምላሱ ላይ ካንሰር የወጣበትን ሰው የሚቀድ ሐኪም ቆርጦ ሳይጨርስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚተርፈው ይገምታል። ይህን ሁሉ በሎቭሬ ሱቅ፣ ፊታቸው ላይ አረፋ ለተቀባ ሰዎች በትዕግሥት አስረዳች። ሎቭሬ የሰማው ዝና ነው። ዬርኮ የሰማው ሌላ ነው፦ ጉሮሮዬ ይታያል። ዝጎ ከሆነ ይታይና ቦታዬን በገዛ እጄ እለቃለሁ። ካልዛገ ደግሞ ሎቭሬ በገዛ ዓይኑ አይቶ አፉን ይይዛል።

ማሽኑ ያለበት ክሊኒክ በደረሱበት ጠዋት ሁሉም ከኋላ የሚታሰር ስስ ሸሚዝ ለብሰው ጀርባቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ቆሙ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ቶንካ ነበረች፤ አባትዋ እዚያው መርከብ ፋብሪካ ቀለም ቀቢ ነበር። ታላቅ ሰውን በአገሩ ደንብ ባርባ እያለች አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ልብዎ ላይ የተገጠመ ነገር አለ? የለም። አጥንትዎ ውስጥ ብሎን? የለም። ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል?

«ፈጽሞ» አለ ዬርኮ።

ቶንካ ቀና ብላ እጆቹን አየች። የግራይንደር ብልጭታ የለቀቃቸው ነጠብጣቦች እንደ ጠቃጠቆ ነበሩ። ጥያቄውን አዞረችው። «ባርባ ዬርኮ፣ ዓይንዎን ማን ነበር የሚያጸዳልዎ?»

«ባርባ ፍራኔ» አለ ዬርኮ ፊቱ በርቶ። «ነፍሱን ይማረውና እጁ አይንቀጠቀጥም። ክብሪት ስሎ፣ በምላሱ አርጥቦ፣ ፍንጣሪዋን አንዴ ነው የሚያነሳት። እምቢ ያለች እንደሆነ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ነበረው።»

ዬርኮ አልዋሸም። በዚያ ፋብሪካ ፍንጣሪ ዓይኑ ገባ ብሎ ክሊኒክ የሄደ ሰው የቀን ሥራው ይቀርበታል፤ መሳቂያነቱ ግን ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ክሬን ነጂው ወደ ባርባ ፍራኔ ይሄዳል፣ ተነቅሎለት ሲጋራውን አጭሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዓይን ውስጥ ብረት ገባ የሚባለው በአምቡላንስ የተወሰደ ሰው ነው። ባርባ ፍራኔ ያወጣው ነገር እንደ ገባም አይቆጠር።

«ባርባ ፍራኔ ሁሉንም አንስተዋል?» አለች ቶንካ።

«የቀረ ቢኖር አይቆረቁረኝም ነበር?»

«ላይቆረቁር ይችላል፤ ለምዶት ተቀምጦ ይሆናል። እዚህ ውስጥ ከገቡ ግን ማግኔቱ ይጎትተዋል። ባርባ ፍራኔ በጥበብ ነው፤ ይሄኛው በጉልበት።» ከዚያ ወደ ራጅ ክፍል ሰደደችው።

ራጁ ላይ የዬርኮ የራስ ቅል ደብዝዞ ይታያል፤ በግራ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል ነጭ ነጥብ ቁጭ ብላለች። ዬርኮ ረጅም ጊዜ አያት። ከየትኛው መርከብ እንደሆነች ለማስታወስ ሞከረ። ቶንካ የዓይን ሐኪም እንዲያያት፣ እሱም በሕይወቱ ሙሉ ወደ እንዲህ ያለ ማሽን እንዳይጠጋ አስጠነቀቀችው። ይህንኑ የሚል ካርድም ኪሱ ከተተችለት።

ዬርኮ ሱሪውን መልሶ ለብሶ ወጣ። ሎቭሬ ሸሚዙን ከኋላ በእጁ ጨብጦ ይጠብቃል። «ማሽኑም አልፈለገህም ማለት ነው» አለው። ቀልድ ነበር፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም፣ ሉክሻ እንኳ አልሳቀም። ዬርኮ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ካፖርቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጉሮሮው አልታየም። ሳምንቱ ሊያልቅ ነው።

መጀመሪያ የገባው ያኮቭ ነበር፤ ከሎቭሬ ቀጥሎ ሁለተኛውን ቀጭን ድምፅ የሚይዘው፣ ዓሣ ሻጩ። ጭንቅላቱን አስረው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ገጥመው ወደ ቀዳዳው ገፉት። ማሽኑ ሲነሳ ቆርቆሮ የሚቀጠቀጥ ይመስላል፤ የዬርኮ ልብ ፋብሪካውን አስታውሶ ሞቅ አለው። ያኮቭ ግን ዜማው ጠፋበት። ዶክተር ኔዳ ሁሉም ከአንድ ቦታ እንዲነሱ ብላ ክላፓው ዱሮ ካሳተመው ዲስክ የመነሻውን ድምፅ ወስዳ በማዳመጫው ትልክላቸዋለች። ያ ደካማ ድምፅ በዚያ ሁሉ ኳኳታ መሐል ተዋጠ። የክላፓ ሰው ደግሞ ብቻውን፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ያለ ጎረቤት ትከሻ ሲዘፍን ከፋሲካ በኋላ ብቻውን የቀረ በግ ነው። ሁለት ሰው ሞክሮ ሁለቱም ዜማው መሐል ላይ ተንሸራተቱ።

ዶክተር ኔዳ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያዘችና ዞረች። ከእርሷ ጀርባ የተቀመጠ ሥራ ፈት ባስ አለ። እዚሁ ሆኖ ከታች ቢይዝላቸው፣ ድምፁን በማይክ ወደ ማዳመጫው ብትልክ፣ በኋላ ከቅጂው ላይ ቀንሳ እንደምታወጣው ነገረችው።

ዬርኮ ተነሳ፤ ባስ ተቀምጦ አይዘፍንም። ግራ እጁ ከልማዱ ትከሻ ፈልጎ አየር ላይ ቀረ። ቶንካ አየችውና ምንም ሳትል ጠጋ ብላ ትከሻዋን ሰጠችው። የዲስኩ ድምፅ ተሰማ። አሁን ያቺ የታች ድምፅ ትከዳኛለች፣ በሁለት ሴት ልጆች ፊት እዋረዳለሁ ብሎ አፉን ከፈተ።

ወጣች። እንደ ዱሮዋ፣ ከሆዱ ሥር ተነስታ ሞልታ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው እስክሪብቶ በራሱ ጊዜ መንከባለል ጀመረ። ዶክተር ኔዳ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል፣ «ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይቀጥሉ» አለች። ለእርሷ ሥራ ነው። ዬርኮ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ትጠፋለች እያለ ይጠብቃታል፤ እርሷ አትጠፋም። ያኮቭ በእርሱ ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ዘለቀ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ገብተው ወጡ፣ ልብሳቸውን ለብሰውም ከውጭ ካለችው ምግብ ቤት ሥጋ የተሞላ ቂጣ፣ ቡሬክ፣ ሊበሉ ሄዱ።

ሎቭሬ የመጨረሻው ነበር። ስክሪኑ ላይ ፊቱ ለሁለት እንደ ተሰነጠቀ የዋልነት ፍሬ ይታያል። ምላሱ እንደ ዓሣ ይገለበጣል፤ ማንቁርቱ ከዜማው ጋር ይወጣል። ከፍተኛዋ ድምፅ ጋ ሲደርስ ማንቁርቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ድምፁ ተሰነጠቀ። ደገሙት፣ ተሰነጠቀ። እንደገና ቢሞክሩም ያው ሆነ።

«ልጄ፣ መነሻው ከፍ ብሏል» አለ ሎቭሬ ከውስጥ።

ዶክተር ኔዳ ማይኩን ዘጋችና ሉክሻ ባለፈው ሳምንት ዘፈን እንድትመርጥ ብሎ የላከላትን የልምምድ ቅጂ ከፈተች። የዲስኩን መነሻ አሰማች፤ ቀጥላ የልምምዱን። የአንድ ደረጃ ተኩል ልዩነት ነበረው። ዘፈን የማትችለው ቶንካ እንኳ «ይሄኛው ወርዷል» አለች።

ዬርኮ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። መርከብ ላይ በር አልዘጋ ሲል ሰው ሁሉ የሚሮጠው በሩን ሊሞርድ ነው። ወለሉ ወርዶ እንደሆነ የሚያይ የለም። ሁለት ክረምት ሙሉ ሲሞረድ የከረመው በር እሱ ነበር።

ዶክተር ኔዳ ለሎቭሬ ልትነግረው እጇን ወደ ቁልፉ ላከች። «ተይው ልጄ፣ እኔ ልንገረው» አለ ዬርኮ። ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ።

«ሎቭሬ።»

«አቤት።»

«መነሻው የገዛ ራሳችን ነው። ከዲስኩ።»

ማሽኑ ቆሟል፤ ፓምፑ ብቻ እንደ ወፍ ይንጫጫል።

«ተኛህ እንዴ?»

«ጭንቅላቴን አስረውታል፤ የት እሄዳለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታወርደው?»

ሎቭሬ እንደ ልማዱ ዞር ብሎ መስተዋት የሚያይበት፣ ፎጣ የሚያራግፍበት ቦታ አልነበረውም። «ካቻምና ጉንፋን ይዞኝ፣ ለዚያች ሳምንት ብቻ ብዬ ነው» አለ። «ጉንፋኑ ለቀቀኝ፤ ድምፁ አልተመለሰም። ትንሽ በትንሽ አወረድኩት። ማን ያውቃል ብዬ።»

«እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ሎቭሬ። ውኃ ሲገባ መጀመሪያ የሚረጥበው የኔ አልጋ ነው። ያንን ቅጠል ስንት ጊዜ እንደጠጣሁት ታውቃለህ?»

«ሉክሻን ያመጣሁት...»

«ለምን እንዳመጣኸው አውቃለሁ።»

ሁለቱ ሴቶች ጫማቸውን ያያሉ። ሎቭሬ በቀጭን ድምፅ፣ ሌላ ማን እንደሰማ ጠየቀ። እኔና ሁለቱ ሴት ልጆች አለው ዬርኮ። ፊልሙስ? ዶክተር ኔዳ ወደ ማይኩ ጠጋ ብላ፣ ፊልሙ ላይ ስም እንደማይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ እንደሆነ አረጋገጠችለት።

ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። ሎቭሬ አሁንም ያንን ሸሚዝ ከኋላ ጨብጦታል፤ በዚያ አኳኋን መሪ መሆን ይከብዳል። ዬርኮ ሲመጣ በልቡ ብዙ ስድብ አዘጋጅቶ ነበር፤ የሰውዬውን ባዶ ቅልጥም ሲያይ ግማሹ ጠፋው።

«ግማሽ ደረጃ ዝቅ አድርግልኝ» አለ ሎቭሬ።

«ለውድድሩ አይሆንም።»

«ታዲያ ላይኛዋን እንዴት ልውጣት?»

«አትወጣትም። ያኮቭ ይወጣታል፣ አንተ የሱን ትይዛለህ።»

«ያኮቭ እንደ ፍየል ነው የሚጮኸው።»

«ፍየል ገደል አይፈራም።»

ሎቭሬ ዓሣ ገበያ እንደቆመ ሰው ከንፈሩን አጣመመ። «ለቀብርስ?»

«ለቀብር አንድ ሙሉ ደረጃ እናወርዳለን። ሟቹ ቅር አይለውም።»

«ለሠርግ?»

«ግማሽ። ከዚያ ወዲያ አትጠይቀኝ።»

«ድምፁን የምሰጠው ግን እኔ ነኝ» አለ ሎቭሬ፤ ይህችን ሲል ጀርባውን አቀና።

ዬርኮ አሰበበት። ይህችን ቢወስድበት ለሰውዬው የሚቀርለት መቀሱ ብቻ ነው። «ስጥ» አለው፣ «ከመስጠትህ በፊት ግን ትክክለኛውን ድምፅ የምታሰማዋን መቃኛ ሹካ ጉልበትህ ላይ መታ አድርጋት።» ሎቭሬ ሹካ የሚይዝ መሪ ጆሮ የለውም እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲሳለቅ የኖረ ሰው ነው። ራሱን ነቀነቀና ሱሪውን ሊለብስ ገባ።

ምግብ ቤቱ ሲደርሱ ሌሎቹ ጣታቸው ላይ የቀረውን ቅባት ይልሳሉ። ሎቭሬ ሳይቀመጥ፣ በመሪ ድምፁ፣ ለውድድሩ ከላይ ያኮቭ እንደሚሆን፣ ከታች ዬርኮ እንደሚቆይ፣ ሉክሻ ደግሞ መሐል እንደሚገባ አስታወቀ። ያኮቭ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ምን ተገኝቶ ነው ቢለው፣ ማሽኑ ያሳየው እንደዚያ ነው አለ። ዬርኮ ማሽኑን አልተቃወመም። ወንበር ስቦ ቡሬክ አዘዘ።

ሉክሻ ግን ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ። «ተመስገን» አለ። «ያቺ የታችኛዋ ድምፅ እኮ ለኔም አንድ ቀን ወጥታልኝ አታውቅም። ባርባ ሎቭሬ፣ መነሻው በጣም አልወረደም?»

ሎቭሬ ማሰሪያ የሌለውን ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።