ምንጭ የሌላት ዓረፍተ ነገር

ዛሬ ጠዋት ሰበታ ቤቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ስልኬ ጢን አለ። መነጽሬን ፈልጌ ፈልጌ ግንባሬ ላይ አገኘሁት። ማንም ሰው ገብቶ በሚጽፍበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ያስገባኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደገና ተሰርዛለች። «ምንጭ የላትም» ይላል።

የእኔ ወጣትነት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ፀጉሬ ከሸበተ፣ ጉልበቴም መንቋቋት ከጀመረ በኋላ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በተነሳበት ወቅት የቀድሞ ተማሪዬ ለሚ «የገበሬው መሬት አይነካም» ብሎ በየስብሰባው ተናገረና ይፈለግ ጀመር። ሱሉልታ መደበቁን ስሰማ ልብስ ቋጥሬ ተነሳሁ። ቡራዩ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ነበርና ከሚኒባሱ ወርጄ የቀረውን በእግር፣ በጋሪና በልመና ጨረስኩት።

ታኅሣሥ ነበር። የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ ተከምሮበት፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ለሚን ያስጠጉት ኦቦ ቱፋ የሚባሉ እኩያዬ ገበሬ ናቸው፤ የሚያድረው ድርቆሽ ቤታቸው ውስጥ ነው።

«አካም፣ መምህር! አንተንም ይፈልጉሃል እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እኔን ማን ይፈልገኛል!»

«እሱስ እውነትህን ነው» ብለው ከት አሉ።

በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረቡልን። ለሚ እየበላ እንባው መጣ። «አባ ኮ፣ አባቴ፣ ይህን ብረሳ አፈር ልብላ» አላቸው።

«አሁን ጩኮህን ብላ» አሉት።

ኋላ ለሚ ተይዞ ታሰረ። እኔም የሕይወት ታሪኩን መዝገበ ዕውቀቱ ላይ ጻፍኩ። ወዲያው ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ምንጭ ካልተጠቀሰ ገጹ ይጠፋል። «ምንጭ፦ ዓይኔ» ብዬ ሞላሁ። ከአራሚዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ ዓይንዎ አልታተመም» ሲል መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ የቡራዩ ሱቆች በአሮጌ ጋዜጣ የሚጠቀልሉትን ሁሉ ገዛሁ። የለሚ ንግግር የወጣበትን ጋዜጣ በመጨረሻ ያገኘሁት ምስማር ተጠቅልሎበት ነው። ዛሬም ድረስ ቤቴ ምስማር አያጣም። ገጹም ዳነ።

ለሚ ሲፈታ የድርቆሽ ቤቱን ነገር ልጨምር ኦቦ ቱፋን አስፈቀድኳቸው።

«ጻፍ! ላሚቱንም አግባት፤ የተኛው በእሷ ድርቆሽ ላይ ነው» አሉ።

ዘመን ተለወጠና ለሚ የመሬት ጉዳይ ሹም ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የኦቦ ቱፋ ማሳ ለቪላ ተከለለ። ሽማግሌው ያን ገጽ በወረቀት አሳትመው ቢሮው ሄዱ። በር ላይ ዋሉ፤ ለሚ ወጥቶ አላያቸውም። በማግስቱ ለእኔ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር አንስቻታለሁ። ምንጭ የላትም።»

«ምንጩ አንተው ራስህ አይደለህ እንዴ?»

«ደንቡ የታተመ ነው የሚለው። የምስማሩን ነገር ሲያጫውቱኝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ጎበዝ ተማሪ እንደነበር አልክድም። እስር ቤት ስንቅ ያመላለስኩለትን ልጅ ስልክ ዘግቼ ዓረፍተ ነገሯን መልሼ አስገባኋት።

ኦቦ ቱፋ አሁን መናገሻ፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። ላሚቱ ተሸጣለች። እኔ ዓረፍተ ነገሯን እመልሳለሁ፣ ለሚ ያነሳታል። የሁለት ሥራ ፈቶች ጨዋታ ይመስላል፤ አንዱ ግን ደመወዝ አለው።

ዓይኔ አልታተመም። ይህ ጽሑፍ ግን ይታተማል። ስለዚህ በግልጽ ላስፍረው፦ ለሚ በዚያ ታኅሣሥ የተደበቀው ሱሉልታ፣ በኦቦ ቱፋ ድርቆሽ ቤት ነው፤ ጩኳቸውንም በልቷል።

አሁን ምንጩን ለመሙላት የቀረኝ የዚህች ገጽ ቁጥር ብቻ ነው።